የጋራዡ በሶብላ እና የሜድ ሐይቅ ጨው

ላስ ቬጋስ ውስጥ በሐምሌ ወር ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ቀዝቃዛ አይደለም። ወጣቱ ቴርሞሜትሩን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲል አነበበ። ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈና ከማጣሪያው ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቀለ።

«እትዬ፣ ሜምብሬኑን ከቀየሩት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ሳምንት። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ፣ ከቀየርኩት ወዲህ ጭራሽ ባሰበት።»

ጋራዡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ የመኪናቸው ነው። በሌላው ግማሽ ግድግዳውን ተከትለው የተዘረጉ አራት ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧዎች አሉ፤ በላያቸው በተበሱት ቀዳዳዎች ሰላጣ፣ ጎመንና በሶብላ ተተክሏል። አፈር የሚባል ነገር የለም። ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ከታች ካለው በርሜል በትንሽ ፓምፕ እየተገፋ ይወጣል፣ ሥሩን እያራሰ ያልፋል፣ ተመልሶ እበርሜሉ ውስጥ ይወርዳል። እትዬ ከሆቴል ጽዳት ሥራ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የጀመሩት ለሽሯቸው የሚሆን በሶብላ ፍለጋ ነበር፤ አሁን ለጎረቤትም ይተርፋል። ወጣቱ ሌሊት ሌላ ሆቴል ውስጥ ጥገና ይሠራል፣ ቀን ቀን ደግሞ የሐበሻ ቤት ማጣሪያ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ክላርክ ካውንቲ በ2023 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ለሰየመው አካባቢ ቅርብ ስለሚኖር ስልኩ ሥራ አይፈታም።

የዛሬው ስሞታ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የበሶብላው የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው እንደ ተለበለበ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ሁለተኛ፣ የበርሜሉ ፒኤች አልረጋ ብሏል፤ ማታ 5.8 ላይ አስተካክለው ያደሩት ጠዋት 6.6፣ ከሰዓት 7 ይላል። እትዬ ጥፋቱን የሜምብሬኑ አድርገው ነው አዲስ የገዙት። አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሜምብሬን ውድ ዕቃ ነው፣ የማጣሪያው ልብም እሱ ነው፣ ስለዚህ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ይሆናል። በእኔ እምነት ግን መጨረሻ ላይ መጠርጠር የሚገባው እሱ ነው።

ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የማጣሪያ ችግር አይገባም። የላስ ቬጋስ ሸለቆ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ የሁቨር ግድብ ካጠራቀመው ከሜድ ሐይቅ ይቀዳል። ወንዙ ከሮኪ ተራሮች ተነሥቶ በዐለቱ መካከል እየቆረጠ ሲወርድ ኖራውንም ጂፕሰሙንም እያሟሟ ይመጣል። ሐይቁ ላይ ሲደርስ የበረሃው ፀሐይ ውሃውን ታተናለች፣ ጨዉ ይቀራል። ቤት የሚደርሰው ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 600 ሚሊግራም የሚጠጋ የሟሟ ማዕድን ይዟል። በ2022 ሐይቁ ከተሞላ ወዲህ ዝቅ ወዳለው ደረጃ ሲወርድ ፎቶውን ያየ ሰው፣ ገደሉን ዙሪያውን የከበበውን ነጭ ቀለበት ያስታውሳል። ያ ነጭ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የእትዬ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውም፣ ሜምብሬን ላይ የሚጋገረውም እሱው ነው።

ይህ ውሃ ቢጠጣ ችግር የለውም። ለአፈር አልባ እርሻ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ ሶዲየም ነው። ተክሉ ከበርሜሉ ውሃውንና የሚፈልገውን ምግብ ይወስዳል፤ ሶዲየሙን ግን እምብዛም አይነካውም። በየቀኑ የጎደለው ሲሞላ ሶዲየሙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሌላው ባይካርቦኔት ነው፤ ፒኤቹን ያለማቋረጥ ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው። እትዬ «አልረጋ አለ» ያሉት ፒኤች፣ የቧንቧው ውሃ በሆነ መንገድ ማጣሪያውን አልፎ እየገባ መሆኑን ገና ከበሩ ይጠቁማል።

ማጣሪያው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ዓይነት ነው። በአጭሩ፦ ውሃው መጀመሪያ ደለል በሚይዝ ፊልተር፣ ቀጥሎ ክሎሪን በሚይዝ ካርቦን ያልፋል፤ ከዚያ በቧንቧው ግፊት እየተገፋ ወደ ሜምብሬኑ ይደርሳል። ሜምብሬኑን ብዙዎች እንደ ደቃቅ ወንፊት ያስቡታል፤ ወንፊት ግን አይደለም። ጨዉን የሚያግደው ገጽ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ ፖሊአማይድ ነው። ውሃ በዚህ ገጽ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል፣ የሟሟ ጨው ግን ማለፍ ይከብደዋል። የታገደው ጨው እዚያው ቢከማች ሜምብሬኑን በቀናት ውስጥ ይደፍነው ነበር። ስለዚህ የውሃው አንድ ክፍል ጨዉን እየጠረገ ወደ ፍሳሽ ይወጣል። ሰው ሁሉ «ይባክናል» ብሎ የሚያማርርበት የፍሳሽ ውሃ ሥራው ይኼ ነው።

ቴክኖሎጂው የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የመጀመሪያውን ለሥራ የሚበቃ ሜምብሬን በዩሲኤልኤ የሠሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ1965 ኮሊንጋ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ የጉድጓድ ውሃዋን በዚሁ ዘዴ ማጣራት ጀመረች። የዛሬው ፖሊአማይድ በ1970ዎቹ የመጣ ነው። ከቀድሞው የበለጠ ጨው ያግዳል፣ አንድ ድክመት ግን አለው፦ ክሎሪን ይበላዋል። ከፊቱ ካርቦን የሚቀመጠው ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ወጣቱ አሁን ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። አንዱን ቱቦ በወጥ ቤት መለኪያ ውስጥ፣ የፍሳሹን ቱቦ በሌላ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ በስልኩ ሰዓት አንድ ደቂቃ ቆጠረ። የተጣራው 250 ሚሊ ሊትር፣ ፍሳሹ 720። ሜምብሬኑ ላይ «75 ጋሎን በቀን» ተብሎ ተጽፏል፤ ሲሰላ በደቂቃ 197 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን በ50 ፒኤስአይ ግፊትና በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ የፋብሪካ ቁጥር ነው። የእትዬ ቧንቧ ግፊት 60፣ ሙቀቱ 31 ነው፤ ስለዚህ 250 የሚጠበቅ ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲወርድ ውሃው በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጥር ላይ ቧንቧው 15 ዲግሪ ሲሆን ይኸው ጤነኛ ማጣሪያ ከዛሬው ወደ 40 በመቶ ያነሰ ውሃ ይሰጣል፤ የዚህ ከተማ ሰው ብዙ ጤነኛ ሜምብሬን የሚጥለው በክረምት ነው።

ቀጥሎ ጨዉ። የእትዬ ብዕር መሰል መለኪያ የቧንቧውን ውሃ 490 ፒፒኤም አለው፤ ከሜምብሬኑ የወጣውን 104።

«ያንተው ደግሞ 686 አለ! ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?»

ሁለቱም እውነት ናቸው። መለኪያዎቹ ጨው አይመዝኑም፤ የሚለኩት ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ከዚያ በአንድ ቁጥር አባዝተው «ፒፒኤም» ይላሉ። የእትዬው በ0.5 ያባዛል፣ የወጣቱ በ0.7። አንዱ ጓደኛ «የእኔ ማጣሪያ 20 ያወጣል» ሲል ሌላው «የእኔ 28 ነው፣ ተበላሽቷል» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ የተነሣ ነው። በአንድ መለኪያ መጽናትና ከቁጥሩ ይልቅ መቶኛውን ማስላት ይሻላል። 104 ለ490 ሲካፈል ከ100 እጅ ጨው 21 እጅ እያለፈ ነው። ጤነኛ ሜምብሬን የሚያሳልፈው ከ3 እስከ 5 እጅ ነው።

ምርመራው ሁሉ ያለው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ የውሃውን መጠንና የጨዉን መቶኛ፣ ጎን ለጎን አድርጎ በማንበብ ላይ ነው። ውሃው ቀንሶ ጨዉም ከጨመረ መጀመሪያ ግፊት ይለካል፤ የተደፈነ የደለል ፊልተር ወይም በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ደህና ሆኖ ውሃው በየወሩ ቀስ እያለ ከቀነሰ ኖራ ተጋግሯል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የፍሳሹም መጠን ይታያል፤ የጨዉ መጥረጊያ ማነስ ኖራን ይጠራል። ባለ 75 ጋሎኑን አውጥቶ ባለ 100 የሚያስገባ፣ የፍሳሹን መቆጣጠሪያ ግን የቀድሞውን የሚተው ሰው ይህን በሽታ በገንዘቡ ነው የሚገዛው። ውሃውም ጨዉም አብረው ከጨመሩ፣ ክሎሪን ሜምብሬኑን በልቶታል፤ ውሃው በዝቶለት የሚደሰተው ባለቤት ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ውሃው እንደ ወትሮው ሆኖ ጨዉ ብቻ ዘሎ ከወጣስ?

«ከቀየሩት በኋላ ነው የጨመረው፣ አይደል?» አለ ወጣቱ። ከካርቦኑ የወጣውን ውሃ በክሎሪን ወረቀት ነካው፤ ወረቀቱ ቀለሙን አልለወጠም። ካርቦኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ውሃውን ዘጋና የሜምብሬኑን ቤት ክዳን በፕላስቲክ መፍቻው ፈታ።

ሜምብሬኑ የክንድ እኩሌታ የሚያህል የተጠቀለለ ዘንግ ነው። በአንዱ ጫፉ ቀጭን የፕላስቲክ አፍንጫ አለው፣ የተጣራው ውሃ የሚወጣው በዚያ ነው። አፍንጫው ላይ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። የቧንቧውን ውሃ ከተጣራው የሚለዩት እነዚህ ሁለት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ወጣቱ ዘንጉን ወደ መብራቱ አዞረው። አንደኛው ቀለበት በቦታው ነው። ሁለተኛው ግን ከተቀመጠበት ጎድጎድ ወጥቶ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል፤ በአንድ ጎኑ ቢላ የነካው የመሰለ ስንጥቅ አለበት፣ ላዩ ደግሞ ያብረቀርቃል።

«ምን ቀብተውት ነው፣ እትዬ?»

«ቫዝሊን ነዋ! አልገባም ቢለኝ።»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። ቫዝሊን የነዳጅ ዘር ነው፤ ማጣሪያ ውስጥ ያሉትን ብዙዎቹን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል፣ ያላላቸዋል። ለዚህ የሚሆነው ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ የሲሊኮን ቅባት ነው፤ እሱም ለጥፍር የሚበቃ ያህል። ሲከተትም ቀጥ ተደርጎ መገፋት የለበትም፣ በቀስታ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው፤ አፍንጫው ከታች ያለውን ቀዳዳ ሲያገኝ እጅ ላይ ይታወቃል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰፊ ከንፈር ያለው ጎማ ደግሞ ውሃው በሜምብሬኑ ውጪ ዞሮ እንዳያመልጥ የሚያደርግ ነው፤ ከተገለበጠ ውሃው ጨዉን ሳይጠርግ ያልፋል።

ቀለበቱ የሳንቲም ዕቃ ነው። ወጣቱ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ አውጥቶ ተካና ውሃውን ከፈተ። በመጀመሪያው ደቂቃ መለኪያው 70 አለ፣ ትንሽ ቆይቶ 41። እትዬ ፊታቸው ጠቆረ። «ይጠብቁት፣» አላቸው። ቆሞ የቆየ ማጣሪያ ሲነሣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ጨው ያሳያል፤ ግፊት በሌለበት ሰዓት ጨዉ ከበዛበት ወገን ወደ አነሰበት ቀስ ብሎ ስለሚሻገር ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ 22 ላይ ቆመ። ከ100 እጅ 4.5። ሙቀት ጨው የማሳለፍን ነገር ትንሽ ስለሚያባብስ ለሐምሌ ይህ መልካም ቁጥር ነው።

ይህ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ጨው ለሚጠጣ ሰው ከቁም ነገር አይገባም። አትክልተኛ ግን በርሜሉ ላይ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይገጥማል፤ ውሃው ጥቂት ሲጎድል ቫልቩ ጥቂት ይከፈታል፣ ማጣሪያው ለአፍታ ይነሣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። በርሜሉ የሚያገኘው ሁልጊዜ ያንን የመጀመሪያውን መጥፎ ውሃ ይሆናል። የግፊት ታንከሩም አያግዝም። እየሞላ ሲሄድ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ሜምብሬኑ ላይ የሚቀረው ግፊት ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ የሚገባው ውሃ ከመጀመሪያው የበለጠ ጨው አለው። ለዚህ የሚሸጡ ኤሌክትሪካዊ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ ለጋራዥ እርሻ ግን ከነሱ ሁሉ የምመርጠው በርካሽ የሚገኝ ባለ 100 ሊትር ክዳን ያለው በርሜል ነው። ታንከሩን ትቶ፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ደፍቶ፣ የቀረውን በአንድ ጊዜ መሙላት። በሰዓት 15 ሊትር ከሆነ ሰባት ሰዓት አይፈጅም።

እትዬ ይህ እንዳለ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው፤ ሌሊት ሌሊት ከሲንኩ ሥር የውሃ ድምፅ ይሰማሉ። ታንከሩ ሲሞላ ማጣሪያው ራሱን መዝጋት አለበት። የታንከሩ ግፊት ከቧንቧው ግፊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲደርስ ትንሽ ቫልቭ መግቢያውን ይዘጋል። ይህ እንዲሆን ግን ውሃው ከታንከሩ ወደ ሜምብሬኑ እንዳይመለስ የሚያግድ አንዲት አነስተኛ መዝጊያ ጤነኛ መሆን አለባት። ወጣቱ የታንከሩን ቁልፍ ዘግቶ ጠበቀ። ጥቂት ደቂቃ አለፈ፣ የፍሳሹ ቱቦ አሁንም ይንጠባጠባል። መዝጊያዋን ሲቀይራት ቆመ። ከመኪናው የጎማ ነፋስ መለኪያ አምጥቶ የባዶውን ታንከር ነፋስም አየ፤ 7 ወይም 8 ፒኤስአይ መሆን ሲገባው 3 ነበር፣ በብስክሌት መንፊያ ሞላው።

ወደ በሶብላው እንመለስ። ቅጠል የሚነበብበት መንገድ አለ። ካልሲየም ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይሄድም፤ ስለዚህ ሲጎድል የሚታየው አዲሱ፣ ገና የሚፈታው ቅጠል ላይ ነው፤ ጫፉ ይጨማደዳል፣ ይጠቁራል። ማግኒዚየም ይሄዳል፤ ሲጎድል አሮጌው ቅጠል በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። የጨው ብዛት የሚያቃጥለው ደግሞ የአሮጌውን ቅጠል ጠርዝ ነው። የእትዬ በሶብላ የተለበለበው ከታች፣ በጠርዙ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተሰነጠቀው ቀለበት ያለፈው የቧንቧ ውሃ በርሜሉ ውስጥ ሲጠራቀም ነበር። መድኃኒቱ በርሜሉን ደፍቶ፣ ሥሩን አጥቦ፣ በአዲስ ውሃ መጀመር ነው።

አዲሱ ውሃ ግን አዲስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 22 ፒፒኤም ውሃ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል፣ ሰላጣ ደግሞ በሊትር ከ150 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ለቧንቧ ውሃ ተብሎ የተቀመመ ማዳበሪያ ካልሲየሙን ከውሃው ስለሚጠብቅ እዚህ አይበቃም። ካልሲየም ናይትሬት ለብቻው ይጨመራል፤ ሳይቀጥን ከሌላው ማዳበሪያ ጋር ከተቀላቀለ ሰልፌቱና ፎስፌቱ ይይዙትና ወዲያው እንደ ኖራ ታች ይዘቅጣል፣ ገንዘቡም አብሮ። ንጹሕ ውሃ ፒኤቹን የሚያረጋ ነገርም ስለሌለው አንድ ጠብታ አሲድ ያስደነግጠዋል። በዚያ ላይ የተጣራውን ውሃ ማዳበሪያ ሳይጨምሩ ፒኤች እየለኩ መጨነቅ ትርጉም የለውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሜምብሬኑ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ከ7 በታች ያሳያል፣ ማዳበሪያ ሲገባ ይለወጣል። እኔ ብሆን ሦስት እጅ የተጣራ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር እቀላቅል ነበር። ትንሽ ካልሲየም ይገባል፣ ፒኤቹን የሚያረጋ ትንሽ ባይካርቦኔት ይገባል፣ ሶዲየሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለበሶብላ ይበቃል።

ይህ ሁሉ የላስ ቬጋስ ሒሳብ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላለ አንባቢ ውሃው ኖራው ያነሰ ነው፣ ነገር ግን ዓመቱን አብዛኛውን በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጨመርበታል፤ ተራ ካርቦን ክሎራሚንን በቶሎ ስለማይይዝ ውሃው በካርቦኑ ላይ ዝግ ብሎ ማለፍ አለበት፣ አለዚያ ሜምብሬኑ ቀስ በቀስ ይበላል። ከአሜሪካ ገዝቶ አዲስ አበባ ለዘመድ የሚልክ ሰው ደግሞ ስለ ጣሪያው ሮቶ ያስብ። ውሃ አሥር ሜትር ወርዶ የሚሰጠው ግፊት 14 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ሮቶ ከ5 አያልፍም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ 50 ገደማ ይፈልጋል። ያለ ግፊት ፓምፕ ማጣሪያው ይንጠባጠባል፣ የሚያወጣውም ጨው ያልተለየው ውሃ ነው፣ ዘመድም «የላክሽልን ዕቃ አይሠራም» ይላል። ፓምፑ ሲታሰብም የ110 እና የ220 ቮልት ነገር እንዳይረሳ።

ወጣቱ መሣሪያውን ሲሰበስብ እትዬ በሩ አጠገብ የደረደሯቸውን ባልዲዎች አሳዩት። የፍሳሹን ውሃ ነው የሚያጠራቅሙት፤ ማታ ማታ ግቢ ላለችው በለስ ያጠጧታል።

«እትዬ፣ ይህን ሲንክ ውስጥ ቢደፉት ይሻላል።»

«ውሃ? በዚህ በረሃ?»

የከተማው አሠራር እንግዳ ነው። ኔቫዳ ከኮሎራዶ ወንዝ በዓመት የተፈቀደላት 300,000 ኤከር ጫማ ነው፤ ነገር ግን ተጣርቶ ወደ ሜድ ሐይቅ ለምትመልሰው ውሃ ሁሉ ያንኑ ያህል እንደገና መቅዳት ትችላለች። በቤት ውስጥ በፍሳሽ የወረደ ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ታክሞ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው ጅረት በኩል ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ግቢ የተደፋው ግን ወይ ይተናል ወይ አፈር ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ይህ ፍሳሽ የቧንቧውን ጨው ተሸክሞ የወጣ ነው፤ ወጣቱ ብዕሩን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ በእትዬ መለኪያ 660 ገደማ። ጨዉ በበለሷ ሥር ዓመት ለዓመት ይከማቻል።

እትዬ ቁጥሩን አዩ፣ ባልዲውን አዩ። ሲንክ ውስጥ መድፋቱን ግን እሺ አላሉም። ሽንት ቤት ሲለቀቅ በዚህ ባልዲ ቢለቀቅስ፣ ያም ወደ ሐይቁ አይደለም ወይ የሚሄደው ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ትንሽ አሰበና «ይሄዳል» አለ። እትዬ ሁለቱን ባልዲዎች አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡ፤ እሱም የሲሊኮን ቅባቱን ትንሽ ቱቦ ከማጣሪያው ራስ ላይ አስቀምጦላቸው፣ የቫዝሊኑን ዕቃ ከመደርደሪያው አንሥቶ ሰጣቸው።